ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ልጅ ጀርባው መቼ ይወጋ?

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ትኩሳት ይዞት ቢንቀጠቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ማጅራት ገትር (የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን) አይደለም። ጀርባው የሚወጋው በመርፌ የአከርካሪ ፈሳሽ ቀድቶ ይህን በሽታ ለመመርመር ነው። መላ ሰውነቱ ተንቀጥቅጦ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ከቆመ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልደገመው፣ ነቅቶ እናቱን ካወቀና ጡት ከያዘ መርፌው ይቅርለት። ወሳኙ መንቀጥቀጡ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው አነቃቁ ነው። መንቀጥቀጡን ለማስቆም ዲያዜፓም የወሰደ ልጅ ግን እንቅልፉ የመድኃኒቱ ይሁን የበሽታው ቶሎ አይለይምና በየጊዜው ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

«አንገቱ አልገተረም» ብሎ መዝናናት ለሕፃን አይሠራም፤ በተለይ ከ18 ወር በታች አንገት ላይገትር ይችላል። ሕፃኑን ቀና አድርገው ይዘው፣ ማልቀሱን ሲያቆም እርግብግቢቱን ይዳስሱት፤ እያለቀሰ ከሆነ የጤነኛውም ይወጠራል።

ከ6 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን ካርዱ ይታይ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት፣ ማጅራት ገትር ከሚያመጡ ጀርሞች የሚከላከሉት ፔንታቫለንትና የኒሞኮካል ክትባቶች ከጎደሉ፣ ወይም ካርዱ ከጠፋ፣ ወደ መውጋቱ ማዘንበል ነው። አንቲባዮቲክ ጀምሮ የመጣም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ምልክቱን ይሸፍናል። የሽሮፑን ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ፤ «ነጭ ሽሮፕ» ማለት ለሐኪም ምንም አይነግረውም።

ከደንቢያ ወይም ከመተማ ወደ ጎንደር ለመጣ ልጅ የወባ ምርመራ አይቀርም። ወባ ተገኘ ማለት ግን ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም።

«ሽባ ያደርገዋል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ወላጅ ያስመልሳል። መርፌው የሚገባው በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ጫፍ ትክክል ነው፤ ህብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ) የሚያበቃው ከዚያ በላይ ነው። ልጁ በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይታጠፋል፤ አንገቱን አብዝቶ ማጠፍ ግን ትንፋሹን ያፍነዋል። ፈሳሹ ይንጠባጠባል እንጂ በሲሪንጅ አይሳብም። በሦስት ብልቃጥ 10፣ 10 ጠብታ ያህል ይበቃል። የደም ስኳር ቀድሞ ይለካ፤ የፈሳሹ ስኳር ከደሙ 40 በመቶ በታች ከሆነ ባክቴሪያ ያስጠረጥራል።

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው ከተቀዳ በኋላ ነው። ነጭ የደም ሴሎች በአንድ ሰዓት ውስጥ መፍረስ ስለሚጀምሩ ብልቃጡ ተራ እየጠበቀ ከዋለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። የካልቸሩን (ጀርሙን አብቅሎ ለመለየት የሚላከውን) ብልቃጥ ፍሪጅ ማስገባት ደግሞ ጀርሙን ይገድለዋል።

ራሱን የሳተ፣ የዓይኑ ብሌኖች መጠን የተለያየ ወይም መተንፈስ ያቃተው ልጅ አይወጋም። ሴፍትሪያክሶን በኪሎ 100 ሚሊግራም ወዲያው ይጀመርለት፤ ልጁ ሲረጋጋ ጀርባው ይወጋል። ያኔ ካልቸሩ ባያበቅልም የሴሉ ቁጥርና ስኳሩ ገና ይናገራሉ።