የእናቴ ጥለት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ በገና ዋዜማ፣ ሐዋሳ፣ ከስፌት ማሽኔ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ጠረጴዛው ላይ የክር ቁርጥራጭ፣ ምላጭ፣ ሁለት መቀስ አለ። አጠር ያለ የመልካም ምኞት ልልክላችሁ ነበር ሐሳቤ፤ ያለፈው ቅዳሜና እሁድ ግን ከልቤ አልወጣ አለ። እሱኑ ላውጋችሁ።

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። የበዓል ቀሚሷ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ነበር። ሸማው ትከሻውና ብብቱ ላይ ሳስቶ ተቀዷል። ጥለቱ ግን፣ አረንጓዴና ወርቃማው፣ መሐሉ ላይ ትንንሽ መስቀል የተጣለበት፣ ትናንት ከሸማኔ እጅ የወጣ ይመስላል። ዓውደ ዓመት በመጣ ቁጥር አወጣዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ መልሼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ስፌት የእንጀራ ሥራዬ አይደለም፤ የማታና የቅዳሜ ደስታዬ ነው። መጋረጃ ስሰፋ፣ የትራስ ልብስ ስሰፋ፣ ለልጆች ቀሚስ ስቀድ እጄ አይፈራም። ያን ጥለት ለመቁረጥ መቀስ ሳነሳ ግን ድፍረት ይከዳኛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ወርጄ ለበዓሉ የተዘጋጀ የዕደ ጥበብ ባዛር ገባሁ። ጀበናውን፣ ሙዳዩን፣ የቆዳ ቦርሳውን አየት አየት አድርጌ አለፍኩ፤ ዓይኔ የሚፈልገው ጨርቅ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቆምኩ፦ የጉሎ ቅጠል እየበላ ከሚያድገው የሐር ትል ክር የተሠራ ሻሽ ተሰቅሎ ነበር። ይህ ሐር እንደ ጥጥ ስለሚፈተል ብልጭልጭ አይልም፤ ደብዘዝ ያለና የሚሞቅ ነው። ለረጅም ጊዜ ዳሰስኩት። ገንዘቤ ግን ለሸማ የተቆጠረ ነበር።

ሸማውን ያገኘሁት ከጋሞ ደጋ የመጡ አንድ አባት ዘንድ ነው። የእናቴን ቀሚስ ፎቶ ከስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ጥለቱን ብዙ አዩት። «ይሄ የተቸኮለ እጅ አይደለም» አሉ። ከዚያ አንድ ጣቃ ፈትተው ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እያሹ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን አሳዩኝ፤ የእጅ ፈትሉ አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን ይላል። የሸጡልኝ በክንድ ነው፤ አምስት ክንድ። ቤት ገብቼ በሜትር ስለካው ከጠበቅሁት በለጠ፤ ክንዳቸው ረጅም ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ስወጣ ጠርተው «ልጄ፣ ሳትነክሪ እንዳትቀጂው፤ ይሰበሰብብሻል» አሉኝ። በዋጋው አልተከራከርኩም። ገበያ ላይ መከራከር እወዳለሁ፤ ክሩን የፈተሉት ሴቶች ስንት ቀን እንዝርት እንዳሾሩ ሳስብ ግን አፌ አልደፈረም። እናንተም ለበዓል የእጅ ሥራ ስትገዙ ይህን አስቡልኝ።

መውጫው አጠገብ አንዲት ወጣት የጨርቅ ቦርሳ ትሸጣለች። በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ትሠራ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ነው የሰፋሁት፤ ሸሚዙ አልቆ አይቼው አላውቅም» አለችኝ። አሁን ቦርሳውን ከቅዱ እስከ ዚፑ የምትሠራው ራሷ ናት። ስፌቷን ገልብጬ ውስጡን አየሁት፤ ገበሩ ቀጥ ብሎ የተሰፋ፣ አንድ የተንጠለጠለ ክር የሌለው። ስለ ቀሚሱ ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ቦርሳውን በወረቀት እየጠቀለለች «እህቴ፣ ብል ሳይቀድምሽ ቁረጪው» አለች።

ሌሊቱን ሸማው ተነክሮ አደረ።

እሁድ የእህቴ ልጅ መጣች። ሰባት ዓመት ስለሞላት ዘንድሮ መጾም ጀምራለች፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እንደ ትልቅ ሰው ይዛዋለች። ፒዛ አማራት። እንግዲህ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ ነው የምንሠራው። ግማሽ ኪሎ ዱቄት በእርሾ፣ በጨው፣ በትንሽ ዘይትና ለብ ባለ ውሃ አብረን አቦካን። ስልሱን በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ አበሰልኩት። ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቀቀል ያለ ድንች ተከተፈ። ኦቨኑን ስከፍት መብራት ጠፋ።

ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ ደግሞ የእናቴ ድፎ ዳቦ ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ጓሯቸው ውስጥ እንሰት አላቸው፤ አንድ ቅጠል ቆርጠው በአጥር ላይ አቀበሉን። ቅጠሉን ፍም ላይ ገረፍ ገረፍ አድርጌ ሳለሰልሰው ያ የልጅነት ሽታ ቤቱን ሞላው። ሊጡን ቅጠሉ ላይ ዘረጋን፣ ምጣዱን ከሰል ላይ ጣድን፣ ክዳኑ ላይም ፍም አደረግን፤ ከላይም ከታችም እሳት፣ ልክ እንደ ድፎው። ሲወጣ ከሥሩ የቅጠሉ ጅማት ሁሉ ታትሞበታል። ልጅቷ ገልብጣ በጣቷ እየተከተለች «አክስቴ፣ ይሄም ጥለት አለው!» አለች። አቮካዶ ከላይ አድርገን ለእትዬም በሳህን ላክንላቸው።

መብራቱ እስከ ማታ አልመጣም፤ የእኔ ማሽን ግን የእግር ናት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሸማውን ለልጅቷ ቀሚስ ቀደድኩ፤ ቀጥሎም መቀሱን የእናቴ ቀሚስ ላይ አሳረፍኩ። ከጥለቱ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ትቼ፣ ድሩን ተከትዬ ቆረጥኩ፤ ጠርዙ እንዳይፈታ ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ ወሰወስኩት። ሸማ ላላ ያለ ስለሆነ የማሽኑ ጥርስ ይስበዋል፤ ለዚህ ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጌ፣ መርፌውንም ወደ ቀጭኑ፣ ወደ ቁጥር 11 ቀይሬ ሰፋሁት። ወረቀቱን ልጅቷ ቀስ እያለች ቀደደችው። አላለቀስኩም። እናቴ ስትሠራ እንደምታደርገው ሳላስበው አንጎራጎርኩ።

ይህ የመጀመሪያ በዓላችሁ የሆነ፣ ሰው የጎደለባችሁ፣ ከአገር የራቃችሁ፣ ዛሬ እናንተን እያሰብኩ ነው። በሳጥናችሁ ውስጥ ያለውን ብታወጡት፣ ብትለብሱት፣ ፎቶውን ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። በዓሉ የጤና፣ የሰላም፣ ጎረቤት የሚጠራራበት ይሁንላችሁ።

ትንሿ ቀሚስ በሩ ላይ ተሰቅላለች። የቀረው የአንገቷ ቁልፍ ነው፤ ከእናቴ ቀሚስ ላይ የፈታሁትን ልተክልባት ነው። ልጅቷ በመርፌው ክር አስገብታ እየጠበቀችኝ ነው።