«ደህና ሁኚ» የሚባለው በሕይወት ላለ ሰው ነው

አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ የቡድሃን ሜዲቴሽን ማስተማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከአስተማርኩት ሁሉ አንዷ ቀን እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አትደርስም ነበር።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ክፍሏ በአዘቦት ቀን ልጆች የሚያጠኑባት ናት፤ በወንበሮቹ ተጠቀምኩ። መሬት ላይ ካልተቀመጣችሁ የሚሉትን አትስሙ፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ብዙ ነው። አስራ አንድ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ጴንጤም አለ። ትምህርቱ ከየት እንደመጣ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነገርኳቸው። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕመምተኞች እንደጀመረው የሜዲቴሽን ፕሮግራም፣ የእኔንም የስምንት ሳምንት አደረግኩት።

ቃላቱ ላይ ግን ተጨነቅኩ። «ሳቲ» የሚለውን የፓሊ (የጥንት የቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ) ቃል «ንቃተ ኅሊና» ስለው ሁሉም ዝም ብለው ያዩኛል። «ልብ በሉ» ስል ወዲያው ገባቸው። ቡናው ሲቆላ ሽታውን ልብ በሉ። ታክሲ ሰልፍ ላይ እግራችሁ መሬቱን ሲረግጥ ልብ በሉ። ለሰው ደህንነትን መመኘት ማለት የሆነውን «ሜታ»ን ጭራሽ ተውኩት፤ እዚህ አገር የቢራ ስም ነው። «በጎ ምኞት» አልኩት።

መነኩሴው ቡድሃጎሳ በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ውስጥ የጻፈው ቪሱዲማጋ የሚባል የሜዲቴሽን መመሪያ መጽሐፍ፣ በጎ ምኞትን ከራሳችሁ ጀምሩ ይላል። ከዚያ የምታከብሩት ሰው፣ ከዚያ ወዳጅ፣ ከዚያ የማትወዱትም የማትጠሉትም፣ መጨረሻ ላይ የተቀየማችሁት። ከራስ መጀመሩን እዚህ አገር አልቀበለውም። «እኔ ደህና ልሁን» በሉ ስላቸው አፋቸው ተያዘ። እኛ የምንመርቀው ሌላውን ነው። ለራሳችን «አሜን» ብቻ ነው የምንለው። ስለዚህ ራሳቸውን መጨረሻ ላይ አደረግኩት፤ ቀለላቸው።

መመሪያውን እንደዚህ ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር ዘለልኩ።

አራተኛው ቅዳሜ ነበር። «በጣም የምትወዱትን ሰው በልባችሁ አምጡ» አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። በሩ አጠገብ ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ጥቁሩን ከመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ማን እንደሞተባት አልጠየቅኩም። የግል ጉዳይዋ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰፈሬ ቢሆን እንዲህ አላደርግም ነበር።

«ደህና ሁኚ። ሰላም ሁኚ። ከስጋት ነፃ ሁኚ።» ሦስተኛው ዙር ላይ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ጫነችው። «እማዬ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች።

ያጠፋሁት ይህን ጊዜ ነው። «ወደ ትንፋሻችን እንመለስ» አልኩ፣ በዚያ ለስላሳ የአስተማሪ ድምፄ። እናቷን እየተጣራች ወደ ትንፋሽ! እስካሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ደግነቱ የሰማኝ የለም። ሴቶቹ ወንበር ገፍተው ተነሡና አቀፏት። ሁለቱ አብረዋት አለቀሱ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ክፍሏ ለቅሶ ቤት ሆነች። እኔ ደወሌን እንደያዝኩ መሃል ላይ ቀረሁ።

ሲረጋጋ በዕድሜ ትልቋ ተማሪዬ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ» አሉኝ፣ «የሞተ ሰው ደህና ሁኚ አይባልም። ነፍስ ይማር ነው የሚባለው።»

ማታ ቪሱዲማጋን ገለጥኩ። ተጽፏል። ይህን ልምምድ በሞተ ሰው ላይ ፈጽሞ አታድርጉ ይላል። በጣም የምትወዱት ሰውም ለመጀመሪያ አይመረጥም፤ ትንሽ ነገር ቢነካው እንኳ እንባ ይመጣልና። አንድ ወጣት መነኩሴ መምህሩን እያሰበ ሲለማመድ አልሆን ይለዋል። አንድ አዛውንት መነኩሴ ያ የምታስበው ሰው እንዴት እንዳለ አጣራ ይሉታል። ሲያጣራ መምህሩ ሞተዋል። ሌላ ሰው ይዞ ሲሞክር ሆነለት። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት አንብቤዋለሁ። ለመነኮሳት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ከመጀመራችን በፊት ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው ወይ ብዬ እያንዳንዱን እጠይቃለሁ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ትንፋሽና እርምጃ ብቻ እሰጣለሁ። «የምታከብሩትን፣ በሕይወት ያለ ሰው» እላለሁ። የመጣውን ስሜት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ የሚለውን ምክር ለቅሶ ሲመጣ እተወዋለሁ። ሰው ሲያለቅስ ይታቀፋል።

ከዚያ ቅዳሜ ማግስት ጥቁር የለበሰችው ሴት ቤት ሄድኩ። የእናቷ አርባ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት፣ ከአንድ ወር በፊት ማለት የነበረብኝን። ቡና አፈላች። ሁለተኛው ላይ «ታዲያ እኔ ማንን ላስብ?» አለችኝ። የመነኩሴውን ታሪክ ነገርኳት። ሲኒውን እያዞረች ትንሽ ቆየች።

«ለቅሶው ሰሞን ድንኳኑ ውስጥ ሳህን ስታጥብ የሰነበተች ጎረቤት አለች» አለች። «ስሟን እንኳ በደንብ አላውቀውም።»

ቅዳሜ ያቺን ጎረቤቷን ይዛ መጣች፣ በልቧ።