የጋሼ ቀልሃዎች

አጎቴ ጋሼ ጥይት ራሳቸው እንደሚሞሉ ያወቅሁት በ2003 ዓ.ም. ለፋሲካ መንዝ ስገባ ነው። ከአልጋቸው ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ ጎትተው አሥራ አራት ባዶ ቀልሃ መደቡ ላይ ደረደሩልኝ። «አንተ የብረት ሰው ነህ፤ እስቲ እያቸው» አሉ። ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ለእሳቸው ብረት ሁሉ ያው ብረት ነው።

ጠመንጃው ቤልጅግ ነው፤ ወረዳው ያውቀዋል፣ ፈቃድ አለው። ደጋ ላይ አያስቸግርም። ሸዋ ሮቢት አካባቢ የእህታቸውን ማሽላ ከከርከሮ ሊጠብቁ ሲወርዱ ግን ከተኮሱ በኋላ መቀርቀሪያው አልከፈት ይላል። በመዳፋቸው መትተው ነው የሚያስለቅቁት። «ቆላ ብረት ያሳብጣል» ብለው ደምድመዋል።

የቆላውን ለብቻ ቋጥረውት ስለነበር ማነጻጸር ቀለለኝ። መጀመሪያ ያየሁት ካፕሱሏን ነው፤ ቀልሃው ቂጥ ላይ ያለችውን፣ መርፌው የሚወጋትን ክብ። የደጋዎቹ ጠርዛቸው ድቡልቡል ነው። የቆላዎቹ ግን እንደ ሳንቲም ተለጥጠው ጉድጓዳቸውን ሞልተዋል። መርፌው የወጋበት ዙሪያ ከንፈር አውጥቷል። አንዷ ዙሪያዋን ጠቁራለች፤ ጋዝ ሾልኳል ማለት ነው። ሁለቱ ደግሞ ቂጣቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ። ናሱ ተገፍቶ የመቀርቀሪያው ፊት ላይ ያለው ክፍተት ታትሞበታል። ይሄ ሁሉ ግፊት በዛ የሚል ምልክት ነው።

በማግስቱ የሱቁን ካሊፐር፣ ውፍረት መለኪያውን፣ አመጣሁ። የቀልሃዎቹ ቂጥ ምን ያህል እንደሰፋ ልለካ ነው። አንዱኑ ቀልሃ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት ቁጥር አገኘሁ። ካሊፐሬ የሚያነበው በ0.02 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ልዩነት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ተውኩት።

«ጋሼ፣ ባሩዱን ስንት ነው የሚያደርጉት?»

«ቀልሃው እስኪጠግብ ነዋ! አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርግ።»

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚህ ላይ ነው። የአባታቸው ጠመንጃ ውጅግራ ነበር፤ የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ። ጥቁር ባሩድ ቀልሃው ውስጥ ባዶ ቦታ ሳይተውለት ነው የሚሞላው። ስለዚህ አያቴ ልክ ነበሩ። ጢስ አልባው ባሩድ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1880ዎቹ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ያው መጠን በጣም የበለጠ ጉልበት አለው። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቶሎ የሚነድ አለ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ አለ። በዓይን አይለይም። ጋሼ ደግሞ ካገኙት አሮጌ ጥይት ሁሉ እየፈቱ ያደባለቁት ነው።

የመኪና ጎማ ከ2 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ትንሽ በለጥ ያለ አየር ነው የሚይዘው። የቤልጅጉ ጥይት እስከ 3,900 ባር ይደርሳል። ያንን የሚያክል ነገር ፊታቸው አጠገብ እያፈነዱ በግምት ነበር የሚሞሉት። እኔ ራሴ መጀመሪያ ደጋ ላይ የሚቀለው አየሩ ስለሳሳ ነው ብዬ ነበር። የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ እንኳ 1 ባር ገደማ ነው፤ ለ3,900ው ምኑም አይደል። ቆላ ላይ የሚብሰው ባሩዱ ራሱ ሲሞቅ ፈጥኖ ስለሚነድ ነው። ጋሼ ዝናሩን ታጥቀው ፀሐይ ላይ ይውላሉ። መንዝ ላይ አፋፍ የደረሰው ቆላ ሲወርድ አፋፉን ያልፋል።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። «ትንሽ ይቀንሱ» አልኳቸው። ቀነሱ። ካፕሱሏን አየሁ፣ ድቡልቡል ናት። መቀርቀሪያው ለስለስ ብሎ ተከፈተ። «አሁን ደህና ነው» ብዬ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ሊቅ ሆኜ!

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ቀልሃው ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ተሰንጥቆ ጋዙ ፊታቸውን ገርፏቸዋል። ዓይናቸው ተርፏል፣ የግራ ቅንድባቸው ግን ተለብልቧል። ያ ቀልሃ ስንት ጊዜ እንደተሞላ ሲጠየቁ «አምስትም ስድስትም» አሉ። ናስ በተተኮሰ ቁጥር እየተለጠጠ ይሳሳል። እኔ ቂጡን ብቻ ሳይ፣ ሆዱን አላየሁም።

ሄጄ የቀሩትን ፈተሽኩ። የቀጭን ሽቦ ጫፍ ወደ ጎን አጠፍኩና አስገብቼ ውስጡን ዳበስኩ። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦው ጎድጓዳ ቀለበት ውስጥ ጠለቅ ይላል። ሦስቱ ላይ አለ። ከውጭ ሲታዩ ምንም የላቸውም።

ካፕሱሏ ስትለጠጥ ግፊቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ካልተለጠጠች ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። የባሩዱን ዓይነት የማያውቅ፣ ፋብሪካው ያወጣለት የመጠን ሠንጠረዥ የሌለው ሰው ቀልሃ አይቶ ሊፈርድ አይችልም። እኔ ሁለቱም አልነበረኝም።

የቀረውን ባሩድ ጓሮ ጎመኑ ሥር በተንነው። ቀልሃዎቹን በመዶሻ ጠፍጥፌ ሰጠኋቸው። ጋሼ ቅንድባቸውን እያሻሹ ቆዩና «አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲሞላ አንድ ቀን አልነካውም» አሉ።

«የእሳቸው ውጅግራ ነበር፣ ጋሼ።»

«እሱማ ውጅግራ ነው» አሉና ጣሳውን ወደ አልጋው ሥር መለሱት።