ጀሪካን ወረፋ ላይ ያስተማርኩት ክፍልፋይ

መጋቢት 2012 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በ4 ተገኘ ተባለ፣ በ7 ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ተሸኘንና ሻንጣዬን ይዤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አቅራቢያ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። በአገሪቱ 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ ይባላል። እኛ ሰፈር ግን የተቀመጠ ልጅ አላየሁም። ወንዱ በግ ይዞ ወጣ፣ ሴቷ ጓዳ ገባች።

በሬዲዮ ይማራሉ ተባለ። የቤታችን ሬዲዮ አንድ ነው፣ ባትሪው ደግሞ ለአባቴ ዜና ነው የሚቆጠበው። ትምህርቱ ሲተላለፍ 6ኛ ክፍል የሆነው ታናሽ ወንድሜ ጋራ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን የግል ትምህርት ቤት ለሚማረው ለአክስቴ ልጅ ግን፣ እሱም 6ኛ ነው፣ ዎርክሺቱ በቴሌግራም ይመጣለታል።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ያንኑ ወደ ስልኬ አስልክ፣ ኔትዎርክ ያለበት ጉብታ ላይ እየወጣሁ በእጄ ደብተር ላይ እገለብጥ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ። ለስድስት ልጆች ባድለው አንዱም ንክች አላደረገው። ለካ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው! የእኛዎቹ ሒሳብ የሚማሩት በአማርኛ ነው። እኔ ራሴ እዚያው ተምሬ ይህን መርሳቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ተውኩት። በራሳቸው መጽሐፍ፣ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ተራርቀን እየተቀመጥን፣ በር ላይ በከሰል እየጻፍኩ ቀጠልን። ወንዶቹ በጎቹን በተራ እየጠበቁ ይመጣሉ። አንዲት የጎረቤት ልጅ ግን ሁሌ ታረፍዳለች፣ ከመጣችም ቶሎ ትሄዳለች። ሰነፍ ናት ብዬ ደመደምኩና እናቷ ዘንድ ለስሞታ ሄድኩ።

«የኔ ልጅ፣ ቀለሙን መች ጠላን? ውሃውን ማን ይቅዳው?» አሉኝ።

«ታናሽ ወንድሟስ?» ስል ሳቁብኝ። ወንዶቹ ተራ የሚቀይራቸው አላቸው፣ እሷን የሚቀይር የለም። እኔ ሬዲዮና ስልክ ነው ያጡት እል ነበር። እሷ ያጣችው ጊዜ ነው።

በማግስቱ አብሬያት ምንጭ ወረድኩ። ወረፋው ረጅም፣ ውሃው ቀጭን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካኗ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ «ግማሽ ሲደርስ ስንት ሊትር ነው? ሩቡስ? ሦስት አራተኛውስ?» እያልኩ ጎኑን በጣቴ አሳያታለሁ። በር ላይ ስጽፈው ያልገባት ክፍልፋይ እዚያ ገባት። ኩበት ስትጠፈጥፍ ደግሞ እጇ ስለተያዘ ሁሉም በቃል ነው። ሜዳው ላይ በስምንት በስምንት ደርድሪው አልኳት። ስድስተኛው ረድፍ ሲያልቅ ሳትቆጥር «48» አለች። ከዚያ ወዲያ «ሦስቱን ውሻ ቢረግጣቸውስ?» እያለች ጥያቄ የምታወጣው ራሷ ሆነች።

ዛሬ ብጀምር መጀመሪያ የእያንዳንዱን ልጅ ውሎ ነው የምጠይቀው፤ መጽሐፉ ከዚያ ይደርሳል።

ከ8ኛና ከ12ኛ በቀር ሁሉም ያለፈተና አለፈ፣ ትምህርት ቤቶችም ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ። ከስድስቱ አንዱ፣ ትልቅየው፣ ደብረ ብርሃን ለቀን ሥራ እንደሄደ ቀረ። ልጅቷ ተመልሳለች፣ አሁንም ማርፈዷን አልተወችም። ባለፈው ስሄድ ታናሽ ወንድሟን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ምንጩ ሲወርድ አገኘሁት፣ እያለቃቀሰ።