ማጨስ የቀረበት መጠጥ ቤት ገቢው ምን ሆነ?

ከአዲስ አበባ ስታዲየም እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢ የሚገኙ የጥቂት መጠጥ ቤቶችንና ምግብ ቤቶችን ሂሳብ እሠራለሁ። ከደንበኞቼ አንዷ፣ ቤቱን ለረጅም ዓመታት የመሩ ባለቤት፣ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በቤታቸው ውስጥ ማጨስ ፈጽሞ እንዲቀር ሲወስኑ ክልከላው ምን ያህል ገቢ እንደሚያሳጣቸው በቁጥር እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ላስቀምጥ፤ ቤቱ የተጎዳው ጎረቤቶቹ እያስጨሱ እሱ ብቻ በከለከለባቸው ወራት ነው፤ ሌሎቹም መከልከል ሲጀምሩ ጉዳቱ አብዛኛው ጠፍቷል።

ሕጉ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታዎችና ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ያለ ልዩነት ከልክሎ፣ ክልከላውን ከበርና ከመስኮት እስከ 10 ሜትር ድረስ አስፍቶታል። ሆኖም በሰፈራችን አዋጁን ያወቀም ያላወቀም መተርኮሻውን ከጠረጴዛ አላነሳም ነበር። ባለቤቷን ያነሳሳቸው ሕጉ ብቻ አልነበረም። በአካባቢው ያሉ የባንክና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ በልተው ልብሳቸው ሲጋራ ሲጋራ እየሸተተ ወደ ቢሮ መመለስ ስለሰለቻቸው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ምግብ ቤት መሄድ ጀምረው ነበር።

መጀመሪያ የወሰንኩት ለውጡን በብር እንዳልለካ ነው። የቢራም የሥጋም ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ከተማ የቀን ሽያጭ በብር አደገ ማለት ብዙ ሰው መጣ ማለት አይደለም፤ ደንበኛው እየቀነሰ ሽያጩ ሲያድግ ያየሁባቸው መዝገቦች አሉኝ። ስለዚህ ዋጋ የማይነካቸውን ሁለት ነገሮች መረጥኩ። አንደኛው ባዶ የቢራ ሳጥን ነው። አከፋፋዩ ሙሉ ሳጥን የሚያወርደው ባዶውን ተቀብሎ በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይዞ የሚወጣው ቁጥር በካሸሩም ሆነ በቡና ቤቱ ኃላፊ ስሜት ሊዛባ አይችልም። ሁለተኛው እንጀራ አቅራቢዋ በየጠዋቱ የምታስረክበው የእንጀራ ብዛት ሲሆን፣ እሱም ወጥ ቤት በር ላይ በተንጠለጠለ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ ነበር። ሳጥኑ የማታውን፣ እንጀራው የምሳውን ሥራ ይነግረኝ ነበር፤ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ሰዓት ደንበኞች የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ነበር። የ2015ን ወር ከ2014 ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ተገቢ ቢመስልም ዐቢይ ጾም ቦታውን ይቀይራል፤ በ2014 ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ በ2015 ደግሞ ሚያዝያ 8 ስለዋለ፣ የየካቲትና የሚያዝያ ቁጥሮች እንዳሉ ቢወሰዱ ጾሙ ያመጣውን ለውጥ በሲጋራው ላይ ያሳብባሉ። ስለዚህ ጾምን ከጾም፣ ፍስክን ከፍስክ፣ ረቡዕና ዓርብን ከረቡዕና ዓርብ ጋር አነጻጸርኩ። በዚያ ላይ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ድረስ ሲካሄድ ማንኛውም ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሞልቶ ስለነበር፣ እነዚያን ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ከስሌቱ አወጣኋቸው። ባለቤቷ በዚያ ሰሞን የተደረደረውን ባዶ ሳጥን እያሳዩኝ «ይኸው፣ ምንም አልጎደለብንም» ሲሉኝ ደስታቸውን ማቀዝቀዝ ግድ ሆኖብኝ ነበር።

ለማነጻጸሪያ የተጠቀምኩት ሌላ መጠጥ ቤት በዚያው መንገድ ላይ ያለና ሂሳቡን እኔው የምሠራለት ሲሆን፣ እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ ደንበኞቹን ያስጨስ ነበር። የአንዱን ደንበኛ መዝገብ ለሌላው ጥቅም መክፈት የሙያ ነውር ስለሆነ አስቀድሜ የሁለቱንም ባለቤቶች ፈቃድ ጠየቅኩ፤ የቤቶቹንም ቁጥሮች እዚህ የማልጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው። የማነጻጸሪያው ቤት ጥቅም ግልጽ ነው፤ የመብራት መቋረጥ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የደመወዝ ሰሞን መምጣትና ማለፍ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው፣ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት ከሞላ ጎደል የክልከላው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የማታው ሳጥን በግልጽ ቀነሰ፤ የጎረቤቱ ደግሞ በዚያው ልክ ባይሆንም ጨመረ። የጠፉትን ቋሚ ደንበኞች አስተናጋጆቹ በስም ያውቋቸው ስለነበር ተከታትዬ ስጠይቅ፣ አብዛኞቹ የማያጨሱ ሆነው ተገኙ። መጠጥ ቤት በቡድን የሚኬድበት ቦታ ነው፤ ከአራት ጓደኛሞች አንዱ አጫሽ ከሆነና ሁለት በር አልፎ ተቀምጦ ማጨስ ከቻለ፣ ሦስቱም ተከትለውት ይሄዳሉ። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸው ታውቋል፤ ይህን ቁጥር ይዘው «አጫሹ ጥቂት ስለሆነ ኪሳራ የለም» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ፣ የማታ ቢራ ጠጪ የአገሪቱን ሕዝብ እንደማይወክልና አንድ አጫሽ አንድ ሰው ብቻ ይዞ እንደማይሄድ አስረዳለሁ።

የቀኑ አጫሽ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አንድ ማኪያቶ አዝዞ፣ ከሱቅ በደረቴ በፍሬ የገዛውን ሲጋራ እያከታተለ፣ አራት ሰው ምሳ ሊበላበት የሚችለውን ጠረጴዛ ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ይዞ ይቀመጣል። ቤቱ ሲጋራ ስለማይሸጥ ከጭሱ የሚያገኘው ትርፍ አልነበረም። እነዚህ ደንበኞች ሲቀንሱ የእንጀራው ደብተር ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ፤ በጾም ቀናት በየዓይነቱ የሚበሉ ሴቶች በብዛት መምጣታቸውን ወጥ ቤቱ ከእኔ ቀድሞ ነው ያስተዋለው።

ሥራውን በእውነት የተሸከሙት አስተናጋጆቹ ናቸው። መተርኮሻዎቹ በሙሉ ከቤቱ እንዲወጡ ተደረገ፤ መተርኮሻ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ክልከላ ማንም አያከብረውምና። ከዚያ በኋላ ግን በዕድሜ የገፉ ደንበኛ «ልጄ፣ መተርኮሻ አምጪልኝ» ሲሉ ምን ይባል? «ክልክል ነው» የሚለው መልስ ጠብም ጉርሻ ማጣትም እንደሚያመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ታየ። ከአስተናጋጆቹ አንዷ ያመጣችው «ጋሼ፣ በረንዳው ላይ ቦታ ይዤልዎታለሁ፤ ቢራዎን እዚያው አመጣልዎታለሁ» የሚል አነጋገር የሁሉም ሆነ። ሌላው ችግር ለማጨስ ብሎ ወጥቶ ሂሳብ ሳይከፍል የሚሄድ ሰው ነበር። ለበረንዳው በየዙሩ ሂሳብ እንዲሰበሰብ አሳሰብኩ፤ አንዳንድ ቋሚ ደንበኞች «አታምኑንም ወይ?» ብለው ተቀየሙ፤ ቅያሜው ግን ከዱቤው ይሻላል።

በ2015 አጋማሽ ላይ ተቆጣጣሪዎች በሰፈሩ ተከታታይ ጉብኝት ሲያደርጉ ጎረቤቱም ሌሎቹም መከልከል ጀመሩ። የኛ ቤት የማታ ሳጥን ከጾም በኋላ ባሉት ወራት ከቀድሞው ጥቂት ዝቅ ወዳለ ቦታ ተመለሰ፤ የምሳው ጭማሪ ግን ስላልቀረ ድምሩ አልጎደለም። ይህ ከሌላው ዓለም ከተነበበው ጋር ይስማማል። ኒውዮርክ ከተማ በ2003 (ይህም ሆነ ቀጥሎ የማነሳቸው የውጭ አገር ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከከለከለች በኋላ የከተማው አስተዳደር ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጠጥ ቤቶችና ከሬስቶራንቶች የተሰበሰበው ግብር በ8.7 በመቶ አድጓል። እኔ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የምይዘው፤ ሬስቶራንትና መጠጥ ቤትን ቀላቅሏል፣ ያነጻጸረውም ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት ገና ካላገገመ ዓመት ጋር ነው። አየርላንድ በመጋቢት 2004 በአገር ደረጃ ስትከለክል የመጠጥ ቤቶቹ ሽያጭ አስቀድሞም እየወረደ ነበር፤ ያለፈውን አዝማሚያ ያላየ ሰው ሁሉንም በክልከላው ያሳብባል። በደቡብ አፍሪካ ከተጨማሪ እሴት ታክስ መረጃ የተሠራ ጥናት የሬስቶራንት ገቢ እንዳልቀነሰ ቢያሳይም፣ እዚያ ሕጉ ከወለሉ እስከ 25 በመቶ ለአጫሾች መከለልን ይፈቅድ ስለነበር ከእኛ ጋር አይተካከልም። ከሁሉ ይልቅ ለእኔ ቁጥር የቀረበው በአሜሪካ ካውንቲዎችን ያነጻጸረው ጥናት ነው፤ የመጠጥ ቤቶች የሥራ ዕድል በተለይ አጫሽ በበዛበት ቦታ ሲቀንስ፣ የሬስቶራንቶቹ ግን እንዳልተጎዳ አግኝቷል። ምሳ የሚሸጥና ቢራ ብቻ የሚሸጥ ቤት አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም፤ ወጥ ቤት የሌለው ባለቤት ሲያማክረኝ፣ ከመከልከሉ በፊት ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ በአንድ ቀን እንዲጀምሩ እነግረዋለሁ።

ያልተፈታው የ10 ሜትሩ ነገር ነው። ቤቶች በተጠጋጉበት በዚህ መንገድ ላይ ከራስ በር አሥር ሜትር መራቅ ማለት ጎረቤት በር ላይ መቆም ማለት ነው፤ የፊት ለፊቱ በረንዳም ቢሆን ለበሩ ቅርብ ስለሆነ፣ ባለቤቷ የማጨሻውን ቦታ ከጓሮ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ጥግ አዛወሩት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡን ለመከላከል ቦታውን ዙሪያውን በላስቲክ መጋረጃ መዝጋት አሰቡ። ጣሪያና ግድግዳ ካገኘ ያው ቤት ውስጥ እንደሆነ፣ ጭሱም እንደሚታፈን ነግሬያቸው፣ ጎኖቹ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ተሠራ። ወጪውን በክልከላው ምክንያት የወጣ ብዬ ለብቻው መዝግቤዋለሁ፤ የሐምሌና የነሐሴ ሳጥን ከጣሪያው በፊት ከነበረው ክረምት ጋር ተነጻጽሮ ወጪውን መመለስ አለመመለሱ በዓመቱ መዝጊያ ሂሳብ ይታያል።