መኪና ተመደበልኝ፣ ደመወዜ ጎደለ

እኛ አገር «መኪና ተመድቦለታል» ከተባለ ሰውዬው አለቃ ሆኗል ማለት ነው። እኔ አለቃ አይደለሁም፤ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ውስጥ ሊፍት እጠግናለሁ። በኤፕሪል 2023 አዲስ ሥራ ስይዝ ግን ከቅጥር ውሉ ላይ ዓይኔን የሳበው በዓመት 46,000 ፓውንድ የሚለው ደመወዝ አልነበረም፤ «ካምፓኒ ካር (የኩባንያ መኪና) ከነዳጅ ካርድ ጋር» የሚለው መስመር ነበር። መኪናውን ካልፈለግሁ በምትኩ በወር 450 ፓውንድ በጥሬው እንደሚጨመርልኝም ተጽፏል። ያንን ሁለቴ እንኳ አላነበብኩትም። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት ስልኩ ውስጥ እልል አለች።

አምስት ወር በደስታ ነዳሁ። ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ወደ ዋና። ነዳጅ ባለቀ ቁጥር ካርዱን መጫን ብቻ ነው። በየወሩ እጄ ላይ የሚደርሰው 2,940 ፓውንድ ገደማ ነበር (ስሌቱ እንዲቀል የጡረታ መዋጮውን ትቼዋለሁ)። የሴፕቴምበር ደመወዝ ሲገባ 2,040 ሆኖ አገኘሁት።

ደመወዝ ክፍሉ (ፔይሮል) የተሳሳተ መስሎኝ እየተንደረደርኩ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና «ታክስ ኮድህ ተቀይሯል፣ ደብዳቤ አልደረሰህም?» አለችኝ። ደርሶኝ ነበር። ያ ቡናማ ፖስታ ከኦገስት ጀምሮ ሳይከፈት መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል።

ታክስ ኮድ አሠሪው ከደመወዝህ ስንት ግብር እንደሚቆርጥ የሚነግረው ምልክት ነው። የቀድሞው ኮዴ 1257ኤል ነበር፤ ትርጉሙ የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ግብር አይነካውም ነው። አዲሱ በኬ ይጀምራል። ኬ ማለት ከሥራ ቦታ የምታገኘው ጥቅማ ጥቅም ከዚያ ነጻ መጠን በልጦ ነጻውን ከማጥፋት አልፎ በደመወዝህ ላይ እንደ ተጨማሪ ገቢ ተደምሮ ይቀረጣል ማለት ነው። ይህን ያስረዳኝ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚያገለግል የሒሳብ ባለሙያ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ ብዕር አወጣና በናፕኪን ላይ ጻፈልኝ።

ካምፓኒ ካር የሚቀረጠው ኩባንያው በከፈለው ዋጋ አይደለም። አዲስ ሳለ በወጣለት ዝርዝር ዋጋ ነው፤ ቫቱ፣ ማድረሻው፣ የተጨመረለት ጌጣጌጥ ሁሉ ይገባል። ኩባንያው ቅናሽ ቢያገኝ፣ መኪናው ቢያረጅ፣ ለውጥ የለም። የእኔ ዋጋ 30,000 ፓውንድ ነበር። ይህ በመኪናው የካርቦን ልቀት በተመደበ መቶኛ ይባዛል። የእኔ ቤንዚን በኪሎ ሜትር 131 ግራም ስለሚለቅ በዚያ ዓመት ድርሻው 31 በመቶ ነበር፤ 9,300 ፓውንድ መጣ። እኔ ያላየሁት፣ ያልነካሁት 9,300 ፓውንድ ገቢዬ ላይ ተደመረ። ከዚህም 5,030ው ከ50,270 ጣሪያ በላይ ስለሚያልፍ በ20 ሳይሆን በ40 በመቶ ይቀረጣል። የመኪናው ግብር ብቻ በዓመት 2,866 ፓውንድ፣ በወር 239 ገደማ ነው።

«ይሄ ይሁን ግድ የለም» አለኝና ናፕኪኑን ገለበጠው። «ነዳጁን በነጻ መስሎህ ነው የምትቀዳው?»

ነዳጁ የሚሰላው በቀዳሁት ሊትር አልነበረም። መንግሥት ለሁሉም አንድ ቁጥር ይወስናል፤ በዚያ ዓመት 27,800 ፓውንድ ነበር። እሱ በዚያው 31 በመቶ ሲባዛ 8,618 ይሆናል፤ ሙሉ በሙሉ የ40 በመቶው እርከን ውስጥ ስለወደቀ ግብሩ 3,447 ፓውንድ፣ በወር 287 ነው። ለግል ጉዳይ አንድ ሊትር ብትጠቀምም ሺህ ብትጠቀምም ያው ነው። ከቤት ወደ መደበኛ የሥራ ቦታ መመላለስም እንደ ግል ጉዞ ይቆጠራል፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። እኔ ለራሴ የምነዳው በሳምንት መቶ ማይል ቢሆን ነው፤ ከኪሴ ብከፍል በወር 65 ፓውንድ አካባቢ። የ65 ፓውንድ ነዳጅ በ287 ፓውንድ ስገዛ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ሁለቱ ሲደመሩ በዓመት 6,313 ይሆናሉ። ኩባንያዎች የሰጡትን መኪና የሚያሳውቁት በየሩብ ዓመቱ ስለሆነ ኮዱ ዘግይቶ ተቀየረ፤ የዓመቱ ግብር በሙሉ፣ በኤፕሪል ከሚጀምረው የግብር ዓመት በቀሩት ሰባት ወራት ላይ ተከፋፈለ። የጠፋው 900 እዚያ ነው ያለው። እናቴ ይህን ስትሰማ እልልታዋን መለሰች፦ «የሰው ወርቅ አያደምቅ አላልኩህም?» አላለችኝም ነበር፤ ግን ዝም አልኩ።

በሴፕቴምበር መጨረሻ የነዳጅ ካርዱን መለስኩ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ቀኑ ተጠቅሶ። ካርዱን በዓመቱ መካከል ለኩባንያው መልሰህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደገና ካልወሰድከው ግብሩ በተጠቀምክበት ጊዜ ልክ ይቀነሳል፤ በዚያው ዓመት መልሰህ ከወሰድከው ግን የዓመቱ ሙሉ ይታሰብብሃል። ለእኔ የነዳጁ ግብር በግማሽ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ በራሴ እቀዳለሁ፤ ለሥራ የነዳሁትን ማይል መዝግቤ ኩባንያው ይተካልኛል።

ያመለጠኝ ሌላ ጉዳይ ነበር። ባለቤቴ ለሁለቱ ልጆቻችን ቻይልድ ቤኔፊት (መንግሥት ለልጆች የሚሰጠውን ድጎማ) ትቀበላለች፤ በዚያ ዓመት 2,074 ፓውንድ ከምናምን ነበር። ያኔ ከባልና ሚስት አንዱ ገቢው ከ50,000 ሲያልፍ ከዚያ በላይ ላለው በየመቶ ፓውንዱ የድጎማው አንድ በመቶ እየተቆጠረ ይመለስ ነበር። «ደመወዜ 46,000 ነው፣ አይመለከተኝም» ብዬ ነበር። ግን የመኪናው ጥቅምም ገቢ ውስጥ ይገባል! ነዳጁ በግማሽ ከወረደ በኋላም ገቢዬ 59,609 ሆነ፤ 96 በመቶውን፣ ማለትም 1,991 ፓውንድ መለስኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ባውቅ ኖሮ ጡረታዬ ላይ ጨምሬ ይህን ገቢ ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። ሰላሳ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ አስቤዋለሁ። (ከኤፕሪል 2024 ወዲህ መነሻው 60,000 ሆኗል።)

በመኪናው ምትክ ይሰጠኝ የነበረውን 450 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብም አሰላሁት። ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ (ከደመወዝ የሚቆረጠው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ተቀንሶ በወር 297 ያህል እጄ ይገባ ነበር። ስለዚህ መኪናው ከነዳጁ በፊት በወር ያስወጣኝ 239ኙን ብቻ አይደለም፤ ያልወሰድኩት 297 ሲጨመር 536 ነው። በ536 ፓውንድ የራሴን መኪና መያዝ አልችልም ነበር? ኢንሹራንሱና ጥገናው በኩባንያው ስለሆነ መልሱ ያን ያህል ግልጽ አይደለም፤ ሳላሰላ መፈረሜ ግን አሁንም ያናድደኛል።

በኤፕሪል 2024 አንድ ባልደረባዬ ሥራ ለቆ የኤሌክትሪክ መኪናው ባዶ ቆመች። ኃላፊውን ለምኜ ተቀየርኩ። ዝርዝር ዋጋዋ ከበፊቷ ይበልጣል፣ 38,000 ፓውንድ። መቶኛዋ ግን 2 ብቻ ነበር፤ 760 ፓውንድ ገቢ፣ 152 ፓውንድ ግብር፣ ለዓመቱ። በወር 13 እንኳ አይሞላም። ኤሌክትሪክም ለዚህ ግብር ነዳጅ ተብሎ አይቆጠርም። በ2025 ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2029 9 እንደሚደርስ ተደንግጓል። የመኪናዋ ውል ሲያልቅ እንደገና ናፕኪን ማውጣቴ አይቀርም።

በቅርቡ ሊድስ የሚኖር የአክስቴ ልጅ የሥራ ውሉን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ደመወዝ 31,000፣ ባለ 22,000 ፓውንድ ትንሽ ቤንዚን መኪና፣ 28 በመቶ። ግብሩ በወር 103 ፓውንድ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣው አምና ነው፤ ለእንደሱ ዓይነት ጀማሪ ኢንሹራንስ ብቻውን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። መኪናውን ውሰድ፣ የነዳጅ ካርዱን ተው፣ እሱ ብቻ በወር ሌላ ከ130 በላይ ይቆርጥብሃል አልኩት።

«እንዴ፣ ጋሼ፣ ነዳጁ ነጻ አይደል እንዴ?» አለኝ።