«ላዩ ላይ ነን»

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ጠዋት ከዩኒየን ስቴሽን ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ጫንኩ። «ጆርጅታውን፣ የካናሉ ድልድይ ጋ አድርሰኝ» አሉኝ። ጆርጅታውንና ድልድይ ሲባል እኔ የማውቀው ኪይ ብሪጅን ነው። ምንም ሳልጠይቅ ነዳሁ።

ስንደርስ ዙሪያውን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሄ እኮ በ1923 የተከፈተ ነው። እኔ የምፈልገው የ1831ዱን ነው» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። እግራቸው እንደሚያማቸው አይቻለሁ፤ እዚያ አውርጃቸው ቢሆንስ? ሜትሩን አጠፋሁና ኤም ስትሪትን ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ ጢም ብሏል። ዊስኮንሲን አቬኑ ታጥፈን ትንሽ ወረድ እንዳልን «አቁም፣ ላዩ ላይ ነን» አሉ።

በቀን ስንት ጊዜ የምመላለስበት ቦታ ነው! ከመኪና ውስጥ ሲያዩት ተራ አስፋልት ነው። ጥግ ይዤ አቆምኩና ደግፌያቸው ወደ ውኃው ዳር ወረድን። ከታች ሲያዩት የሚያምር የድንጋይ ቅስት ነው።

ካናሉ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዝዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ አካፋ ይዘው አስጀመሩት። በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ነበር የሚሽቀዳደሙት። ቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ የአየርላንድ ስደተኞች ነበሩ፤ ኮሌራ ገብቶ ስንቱን ጨረሰ። ካናሉ «ከምበርላንድ» የምትባለው የሜሪላንድ ከተማ የደረሰው በ1850 ነው፤ ባቡሩ ስምንት ዓመት ቀድሞታል። ኦሃዮ ወንዝ ሊደርስ የታሰበው ቦይ 297 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ እዚያው ቀረ። ያም ሆኖ እስከ 1924ቱ ጎርፍ ድረስ ሠርቷል።

እኔን የያዘኝ የበቅሎዎቹ ነገር ነው። የበቅሎ አገር ልጅ ነኝና። ከ100 ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል የጫነ ጀልባ በበቅሎ ነበር የሚጎተተው። በቅሎዎቹን በዳር መንገዱ የሚመሩት ብዙ ጊዜ የጀልባው ባለቤት ልጆች ነበሩ። የሽማግሌው አያትም አንዱ ነበሩ።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?» አልኳቸው።

«አሥር» አሉኝ፣ ድንጋዩን በእጃቸው እየዳሰሱ።

ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ድልድይ ካለኝ «የትኛው?» ሳልል አልነሳም። ጊዜ ያለው ሲያጋጥመኝም ወደ ውኃው ዳር ይዤው እወርዳለሁ።